«ልቦለድ እኮ ነው» ማምለጫ አይሆንም

«ልቦለድ እኮ ነው፤ ምን ያንጨረጭራችኋል?» ስለ «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» በተነሣ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ያነበበና ነገር የሚገባው ሰው ነው። የዳን ብራውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ ከሰማንያ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሮን ሃዋርድ በ2006 ወደ ፊልም መለሰው፤ ቶም ሃንክስና ኦድሬ ቶቱ ተወኑበት፤ ፊልሙም በዓለም ዙሪያ ከ750 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ ወዲህ በተማረው ሰው ዘንድ የሰፈነው አስተያየት ይህ ነው፦ ሥራው የፈጠራ ድርሰት ነው፤ የተቆጡት ልቦለድንና ታሪክን መለየት ያቃታቸው አማኞች ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩን መተው ይሻላል።

እኔ አልተውም። ልቦለዱን ከታሪክ ጋር የቀላቀለው መጽሐፉ ራሱ ነው፤ ያውም አስቦበት።

ማስረጃው ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ባለው ገጽ ላይ ይገኛል። ገና አንድም ገጸ ባሕርይ ሳይገባ፣ በሉቭር ሙዚየም የሚፈጸመው ግድያም ሳይነገር፣ ደራሲው «እውነታ» የሚል ርእስ የሰጠው አንድ ገጽ ያስቀድማል። እዚያ ላይ «የጽዮን ማኅበር» የተባለው ምስጢራዊ ድርጅት በ1099 የተመሠረተና በእውን ያለ ነው ይለናል። ኒውተንና ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ አባላቱ እንደነበሩ የሚያሳዩ ሰነዶች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መገኘታቸውንም ይጨምራል። ቀጥሎ በመጽሐፉ የተገለጹት ሥዕሎች፣ ሕንፃዎች፣ ሰነዶችና ምስጢራዊ ሥርዓቶች በሙሉ ትክክለኛ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ይህን ቃል የሰጠን ገጸ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። የሰጠን ግን ደራሲው በራሱ አንደበት ነው። የፈጠራ ጸሐፊ የፈለገውን የመፍጠር መብት አለው፤ እኔም ለዚህ መብት እሟገታለሁ። ሰነዶቼ ትክክለኛ ናቸው ብሎ ቃል የሰጠ ጸሐፊ ግን ሰነዶቹ ሲመረመሩ ወደ ልቦለድ ሮጦ ሊጠለል አይችልም።

ሰነዶቹ ተመርምረዋል። የጽዮን ማኅበርን ያቋቋመው ፒየር ፕላንታር የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ያስመዘገበውም በ1956 ነው። በ1960ዎቹ እርሱና ወዳጁ ፊሊፕ ደ ሼሪሴ ራሳቸው ያዘጋጇቸውን ወረቀቶች ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስገቡ። ዓላማው ፕላንታርን የጥንቶቹ የሜሮቪንጂያን ነገሥታት ወራሽ ማስመሰል ነበር። ቅዱስ የዘር ሐረግ ለዙፋን ምን እንደሚሠራ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አይነገረውም፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥታችን የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ይቆጥር ነበርና። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐረግ ሲቀርብልን «በዚህ ማን ሊነግሥበት ነው?» ብለን መጠየቅ እናውቅበታለን። እዚህ ላይ መልሱ ፕላንታር ነው። ሰውየው በ1993 ፈረንሳዊ ዳኛ ፊት ምሎ ነገሩ የፈጠራ መሆኑን አመነ። «እውነታ» የሚለው ገጽ የታተመው ይህ ከሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው።

ክርስቶስ ከማርያም መግደላዊት ልጅ ወልዶ ዘሩ ወደ ፈረንሳይ ነገሥታት ገባ የሚለው ትረካም ከጥንት ቤተ መዛግብት የወጣ ምስጢር አይደለም። በሰፊው ያሠራጨው በ1982 በእንግሊዝ የታተመ «ዘ ሆሊ ብለድ ኤንድ ዘ ሆሊ ግሬይል» የተባለ መጽሐፍ ነው። ከሦስቱ ጸሐፊዎቹ ሁለቱ፣ ማይክል ቤይጀንትና ሪቻርድ ሊ፣ ሥራችን ተገለበጠ ብለው ለንደን ላይ የዳን ብራውንን አሳታሚ ከስሰው ፊልሙ ሊወጣ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ተረትተዋል። በልቦለዱ ውስጥ ሁሉን ዐዋቂ ሆኖ የሚያስተምረን የታሪክ ምሁር፣ ሊ ቲቢንግ፣ ስሙ የተቀናበረው ከእነዚሁ ሁለት ከሳሾች ስም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ግድያውም ማሳደዱም አይደለም፤ የኒቂያ ትረካ ነው። ቲቢንግ ለልቦለዱ ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ለሶፊ የሚያስተምራት በአጭሩ ይህን ነው፦ እስከ ኒቂያ ጉባኤ ድረስ ኢየሱስ በተከታዮቹ ዘንድ ሟች ነቢይ ብቻ ነበር፤ አምላክነቱ የጸደቀው በድምፅ ነው፤ ያውም በጠባብ ብልጫ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስም ከሰማንያ በላይ ከሆኑ ወንጌሎች ለሥልጣኑ የሚበጁትን አስመርጦ ሌሎቹን አስቃጠለ። «ልቦለድ እኮ ነው» ያለኝ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይቆይ «ግን መጽሐፍ ቅዱስን ያስተካከለው ቆስጠንጢኖስ መሆኑን ታውቃለህ?» ሲል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ጉዳቱ ይኸው ነው። ታሪኩ ሲረሳ ትምህርቱ ይቀራል።

በአገራችን ደግሞ «ይህ የካቶሊኮች ጣጣ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል አለ። እንዴት አይመለከትም? የኒቂያ አባቶች፣ ሠለስቱ ምዕት፣ በስማቸው የሚጠራ ቅዳሴ ያላቸው እኛ ዘንድ ነው። ጸሎተ ሃይማኖታችን የነሱ ነው። ቆስጠንጢኖስን ከእናቱ ከንግሥት እሌኒ ጋር በየመስቀሉ በዓል የምናነሣው እኛ ነን። የእኛ ሃይማኖት በጉቦና በሰይፍ የተሠራ ነው ተብሎ ለዓለም ሲነገር የሮም መልስ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም።

ጉባኤው በ325 የተጠራው በእስክንድርያው ቄስ በአርዮስ ትምህርት ምክንያት ነው። አርዮስ ወልድ ተፈጥሯል ይል ነበር፤ ነገር ግን ከፍጥረት ሁሉ በፊት የነበረ፣ ዓለምም በእርሱ የተፈጠረ ነው ብሎ ያምናል። የተወገዘው አርዮስ እንኳ ኢየሱስን ተራ ነቢይ አላለውም። በጉባኤው የቀረበው ጥያቄ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። «ጠባብ ብልጫ» የተባለውም፣ እስከ መጨረሻው አንፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የተሰደዱት ጳጳሳት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከሊቢያ። ለክርስቶስ አምላክነት ኒቂያን መጠበቅም አያስፈልግም። ክርስቲያን ያልነበረው ሮማዊ ገዥ ፕሊኒ፣ ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በ112 ገደማ ለንጉሡ ለትራያን ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ ይገልጻል። ይህን የጻፈው ሲያስራቸውና ሲገድላቸው ነው፤ ሊያወድሳቸው ምንም ምክንያት አልነበረውም።

መጻሕፍትን ስለ መምረጥስ? ጉባኤው ያወጣቸውና በግሪክኛ የቆዩልን ቀኖናዎች ሃያ ናቸው። ኤጲስ ቆጶስ በስንት ጳጳሳት እንደሚሾም ይደነግጋሉ። በስደት ዘመን ክደው የነበሩ እንዴት እንደሚመለሱ ያዛሉ። ካህን በአራጣ እንዳያበድር ይከለክላሉ። የመጨረሻው በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ቆሞ መጸለይ እንጂ መንበርከክ አይገባም ይላል። የትኛው ወንጌል ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚል አንድ ቃል በሃያውም ውስጥ የለም። ቆስጠንጢኖስ በኋላ የቂሣርያውን አውሳብዮስን ለቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት የሚሆኑ ሃምሳ መጻሕፍት በብራና እንዲያስጽፍለት አዝዞታል፤ ለትረካው መነሻ ሊሆን የሚችል አንድ ቅንጣት ቢኖር ይህ ነው። ትእዛዙ ግን የጥሩ ብራናና የጥሩ ጸሐፊ ትእዛዝ ነው። አራቱን ወንጌላት፣ አራቱን ብቻ፣ ሄሬኔዎስ በ180 ገደማ ሲሟገትላቸው ቆስጠንጢኖስ ገና አልተወለደም። የአዲስ ኪዳንን ሃያ ሰባት መጻሕፍት ልክ እንደዛሬው ዘርዝሮ የጻፈልን ደግሞ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ በ367፣ ንጉሡ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

ሊቃውንታችንን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል፦ ፍትሐ ነገሥት የሠለስቱ ምዕት ሥራ ነው ይባል የለም? መጻሕፍትስ በውስጡ ተቆጥረው የለም? ልክ ነው፤ በስማቸው ይጠራል፤ ሰማንያ አንዱም በውስጡ ተቆጥረዋል። መጽሐፉን በዐረብኛ ያጠናቀረው ግን ኢብን አል-አሳል የተባለ ግብፃዊ የቅብጥ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም 13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለአባቶች ክብር ሲባል የተሰጠውን ስም እናከብራለን፤ የቲቢንግን ንጉሥ ግን እዚያም ውስጥ አናገኘውም።

ሰማንያ አንዱ መጻሕፍታችን ራሳቸው ለዚህ ትረካ ትልቁ መልስ ናቸው። አንድ ንጉሥ በአንድ ጉባኤ መጽሐፍ ቅዱስን ለሁሉም ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ሄኖክና ኩፋሌ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምን ይሠራሉ? መጽሐፈ ሄኖክ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። አውሮፓ በእጁ የዳሰሰው ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዋሻዎች የተገኙት ጥቅልሎች ውስጥ የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች ወጥተው የግእዙን ጥንታዊነት መስክረውለታል። ዳን ብራውን እነዚህኑ ጥቅልሎች ከመጀመሪያዎቹ የክርስትና መዛግብት ይቆጥራቸዋል። ጥቅልሎቹ የአይሁድ መጻሕፍት ናቸው፤ የክርስቶስ ስም በአንዳቸውም የለም።

ቆስጠንጢኖስ ሃይማኖትን እንዳሻው አደረጋት ለሚሉትም ከኒቂያ በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል። ንጉሡ አርዮስን ከስደት መለሰው፤ አትናቴዎስን በ335 ወደ ጎል ምድር ወደ ትሪየር ሰደደው፤ ሊሞት ሲቃረብም የተጠመቀው አርዮስን ይደግፍ በነበረው በኒቆምዲያው አውሳብዮስ እጅ ነው። ልጁ ቆስጣንጥዮስ ከአባቱ ብሶ አርዮሳውያንን ደገፈ። ይህ ንጉሥ በ356 ገደማ እስከ አክሱም ድረስ ደብዳቤ ላከ፤ ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲመለስ ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በመጽሐፉ ውስጥ አስገብቶ አቆይቶልናል። አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰደደ። የሮም ዙፋን ለዐሥርተ ዓመታት የቆመው የኒቂያን ሃይማኖት በመቃወም ነበር፤ ሃይማኖቷ ግን አልጠፋችም። አክሱምም በእርሷ ጸናች። እነዚህን ሰዎች የንጉሥ ተላላኪዎች አድርጎ ማቅረብ ትልቅ በደል ነው። ይህን ስጽፍ የሚሰማኝን ቁጣ መደበቅ አልፈልግም።

ለፊልሙ የሚገባውን ልስጠው፦ «እውነታ» የሚለውን ገጽ አላስገባም፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ላንግደንም አንዳንድ ቦታ ቲቢንግን ይከራከረዋል። ፊልም ሠሪዎቹ የመጽሐፉ መሠረት እንደማይጸና የገባቸው ይመስለኛል። የሆነ ሆኖ የቲቢንግን ትምህርት በኢያን ማኬለን ግሩም ትወና አቅርበውታል። ሚላን በሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ግድግዳ ላይ ያለውን «የመጨረሻው እራት» የሚተነትንበትን ትዕይንት ደግማችሁ እዩት። በክርስቶስ ቀኝ ያለችው ሴት ናት፤ ማርያም መግደላዊት ናት ይላል። ይህን ለማሳመን ምስሉን በስክሪን ላይ ከቦታው አንሥቶ በክርስቶስ ሌላ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ራሷን ትከሻው ላይ የጣለች ትመስላለች። ሊዮናርዶ ያላኖረበት ቦታ ላይ ነው ያኖረው! ሥዕሉ ባለበት ሲታይ ጴጥሮስ ወደዚያ ሰው ዘንበል ብሎ ሲያናግረው ይታያል። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ አሳልፎ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቀው ብሎ ጴጥሮስ የጠቀሰው ለተወደደው ደቀ መዝሙር ነው። በዘመኑ የፍሎረንስ ሠዓሊዎች ዮሐንስን ጢም የሌለው ጠጉሩ የረዘመ ወጣት አድርገው ይሥሉት ነበር። ያ ሰው ማርያም ከሆነች ማዕዱ ላይ ዮሐንስ የት ሄደ? ትዕይንቱ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጥም።

የፊልጶስ ወንጌል የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ቲቢንግ ማርያም የክርስቶስ ሚስት ስለ መሆኗ ይህን ጠቅሶ አራማይክ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክርልኛል ይላል፤ በግብፅ ናግ ሃማዲ የተገኘው ጽሑፍ ግን በቅብጥኛ ነው የተጻፈው። ክርስቶስ ማርያምን የሚስምበት ቦታ በተጠቀሰበት መስመር ላይ ፓፒረሱ ተበልቷል። ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የሞላው የአንባቢዎች ግምት ነው። የሉቭር ፒራሚድ መስታወቶች 666 ናቸው የተባለውም ሐሰት ነው፤ 673 ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አምስት ሚሊዮን ሴቶችን በጥንቆላ ስም አቃጠለች የተባለውም እንዲሁ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ከአርባ እስከ ስድሳ ሺህ ነው፤ ብዙዎቹን የፈረደባቸውም የዓለማዊ ፍርድ ቤት ነው። አርባ ሺህም ቢሆን የሚያስለቅስ ወንጀል ነው፤ እውነተኛዎቹን ሟቾች ለማልቀስ የሐሰት ቁጥር አያስፈልግም።

አንዳንድ የምወዳቸው ሴቶች መጽሐፉን የሚደግፉበት ምክንያት አለ፦ ማርያም መግደላዊትን ወደ ክብሯ መለሳት ይላሉ። ይህን ክርክር አቅልዬ አላየውም፤ በእርሷ ላይ የተፈጸመ እውነተኛ በደል አለና። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ በ591 ባደረገው ስብከት እርሷን በሉቃስ ወንጌል ካለችው ኃጢአተኛ ሴት ጋር አንድ አደረጋት፤ ምዕራቡም ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ጋለሞታ ሣላት። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1969 የበዓላት አቆጣጠሯን ስታሻሽል ከዚያ ተመለሰች። ዳን ብራውን ግን ምን ሰጣት? የእርሷ ክብር በእርሱ ዘንድ ማንን አገባች፣ የማንን ልጅ አረገዘች የሚለው ነው። «ሆሊ ግሬይል» የሚባለው ቅዱስ ጽዋ ማሕፀኗ ነው ይላል። በአራቱም ወንጌላት ያለችው ማርያም መግደላዊት ደቀ መዛሙርቱ ሲሸሹ ከመስቀሉ ሥር የቆመች፣ ገና ጨለማ ሳለ ወደ መቃብር የሄደች፣ ትንሣኤውን ለሐዋርያት የነገረች ናት። የሴት ምስክርነት እምብዛም ዋጋ ባልነበረው ዘመን ይህ ዜና በእርሷ አፍ ተነገረ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ቅዳሜ «ቅዱሳት አንስት» ብለን የምናስበው ስለዚህ ነው። ከምስክርነቷ ይልቅ እርግዝናዋን ያስበለጠ መጽሐፍ ሴቶችን አከበረ መባሉን አልቀበልም።

ስለ ቅዱስ ነገር ልቦለድ አይጻፍ የምል እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ማርቲን ስኮርሴዚ በ1988 ከካዛንዛኪስ ልቦለድ የሠራው «የክርስቶስ የመጨረሻው ፈተና» ከዚህ ያላነሰ ቁጣ ቀስቅሷል። ያ ፊልም ግን ሲጀምር በወንጌላት ላይ ያልተመሠረተ የፈጠራ ሥራ መሆኑን ለተመልካቹ ይነግራል። ብወደውም ባልወደውም በዚያ ሥራ አልተታለልኩም። ኦፑስ ዴይ የተባለው የካቶሊክ ድርጅት የዳ ቪንቺ ኮድ ፊልም እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ እንዲያስገባ የፊልሙን ኩባንያ ሶኒን ጠይቆ ነበር፤ አልገባም። ልቦለድ መሆኑን በግልጽ መናገር ይህን ያህል ከከበዳቸው፣ እኛ ስለነሱ «ልቦለድ እኮ ነው» እያልን የምንሟገተው ለምንድን ነው?

«ቢያንስ ሰው እንዲጠይቅ አድርጓል» ለሚሉኝ ፓሪስ ያለውን የቅዱስ ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን አሳያቸዋለሁ። ልቦለዱ የአረማውያን ቤተ ጣዖት ቅሪት ያደረገው የናስ መስመር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፋሲካን ቀን ለማስላት የተሠራ የሥነ ፈለክ መሣሪያ ነው። ጎብኚዎች መጽሐፉን ይዘው ከመብዛታቸው የተነሣ ቤተ ክርስቲያኑ ይህን የሚያስረዳ ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ለመለጠፍ ተገደደ። እነዚያ ጎብኚዎች ሊጠይቁ አልመጡም፤ የተነገራቸውን ሊያዩ መጡ።

ፊልሙን ማገድስ? ግብፅና ፓኪስታን አገዱት፤ ከቫቲካን አንጀሎ አማቶ ምእመናን እንዳያዩት ጥሪ አቀረቡ። እገዳም እንደ «ልቦለድ እኮ ነው» ሁሉ ከመልስ መሸሽ ነው። ሐሰተኛ ታሪክ የሚሸነፈው እውነተኛው ታሪክ ሲነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ክፍተትም እዚያ ላይ ነው። ሠለስቱ ምዕትን በቅዳሴ ስማቸውን የሚጠራ ወጣት ኒቂያ ላይ ምን እንደተባለ ሲጠየቅ የቲቢንግን ቃል የሚደግመው ሌላ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ለሰባክያን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከኒቂያ ጉባኤ 1700 ዓመት ሞልቷል። ሃያውን ቀኖናዎች፣ አትናቴዎስ በ367 የጻፈውን ዝርዝርና ቆስጣንጥዮስ ለኢዛና የላከውን ደብዳቤ አውጥታችሁ ለልጆቹ አንብቡላቸው፤ እስኪጠግቡም ይጠይቁ።